በእኔ ሣጥን ሁሉም አለፉ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር እዚህ ሐረር ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋበት ምክንያት ቀላል ነው። በዚያ ጠዋት ለዓመታዊ የመኪና ምርመራ ከተሰለፍነው መካከል የተሟላ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ይዤ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን የለህም ተብዬ የወደቅሁትም እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ሥራዬ የመንግሥት ዕቃ የት እንዳለና በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ነበር። በእኔ ዘመን ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት የወጪ ደረሰኝ ከግምጃ ቤት የወጣ አንድ እስክርቢቶ እንኳ አላስታውስም። ይህን የማነሣው ለመመካት ሳይሆን፣ ቀጥሎ የሆነውን አንባቢ በሚገባ እንዲመዝነው ብዬ ነው።

ሣጥኑን ያሠራሁት መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና በሰጠበት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ለአበሉ ሲመጡ እኔ ለትምህርቱ መጥቼ ነበር። ከዚያ በኋላ አናጺ ዘንድ ሄጄ ባለክዳን የእንጨት ሣጥን አሠራሁ፤ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት፤ ክዳኑ ላይ በነጭ «ታፈሰ» ብዬ ጻፍኩበት። ፋሻ፣ ጎዝ፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ አዮዲን፣ ጓንት፣ መቀስ፣ የቃጠሎ ቅባት እንዲሁም የተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያ የሚሆን ባለሦስት ማዕዘን ጨርቅ አለው። ጊዜው ያለፈበትን እያወጣሁ በአዲስ እተካለሁ። ቦታው የዲኤክሷ መኪናዬ የኋላ ወንበር ሥር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሣጥኑ የረዳው አንድ ፍጡር ቢኖር ለፋሲካ የገዛሁት በግ ነው። ገመድ እግሩን ልጦት ስለነበር በሥርዓቱ አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩለት። ቁስሉም ጥሩ ሆኖ ይድን ጀመር፤ ከዚያ ታረደ። ባለቤቴ ይርገዱ ይህን እያነሣች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

የዚያ ሰኔ ጉዳዬ ግን የሚያሥቅ አልነበረም። የይርገዱ ዓይን ሞራ ለብሶ ነበር። ግራው ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ቀኙም ሰው ከሰው መለየት እያቃተው ሄዷል። ከሌላ ቦታ የሚመጡ የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ድሬዳዋ ገብተው ስለነበር፣ ከዓመት በላይ የጠበቅነው ተራዋ ሰልፍ በያዝኩበት ቀን ማግሥት ጠዋት ደረሰ። ያ ቀን ካመለጠን ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚነግረን አልነበረም። ከሕክምናው በኋላ ደግሞ ዓይኗ ታሽጎ፣ ሳትገፋና ሳትንገላታ፣ ጋደም ብላ መመለስ እንዳለባት በጥብቅ ተነግሮናል። ይህ በሚኒባስ የሚሆን ነገር አይደለም።

የመኪናዬ ቦሎ የሚያበቃው ደግሞ በዚያው በሰልፉ ዕለት ነበር። በመንገዱ ላይ ያለው ኬላ ቦሎ ያላደሰ መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ መኪናዋ ዛሬ ምርመራውን ካላለፈች ይርገዱ ነገ አትታከምም ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ምን አቆየህ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቀደም ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ መብራት ጠፍቶ ተመልሻለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የምርመራ ግቢ ስደርስ ሰልፉ በሩን አልፎ ነበር። የሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመው ረመዳን ነው። ረመዳን የአቦከር ሰፈር ጎረቤቴ ሲሆን ከፈረስ መጋላ አደባባይ በአሮጌ ፔጆ ሰው እያመላለሰ ይኖራል። እንዳየኝ ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ መጣና የይርገዱን ጤንነት፣ የእኔን ጤንነት፣ የመኪናዋን ጤንነት በየተራ ጠየቀ። አንድ ነገር እንደፈለገ የገባኝ ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ያቺን ሣጥን ለሁለት ደቂቃ።»

«የትኛዋን ሣጥን?»

«ኧረ አቦ ጋሼ! ሐረር ውስጥ ስንት ሣጥን አለ?»

የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን የተጎዳን ሰው ለመርዳት እንጂ መርማሪን ለማስደሰት እንደማይያዝ፣ በውሰት ማለፍም ራስን ማታለል እንደሆነ በሰፊው አስረዳሁት። ረመዳን ንግግሬን በአክብሮት እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ወላሂ ልክ ነዎት ጋሼ» አለና እጁን ዘረጋ።

ምን ይደረጋል? ጎረቤት ነው። ይርገዱ ዓይኗን ካመማት ጀምሮ እየመጣ ይጠይቃታል። ሰጠሁት።

ንብረቴን በዓይኔ ልከተል ብዬ ከመኪናዬ ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ። መርማሪው ደረጀ የሚባል ወጣት ነው፤ ሥራውን የሚያከብር፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። የረመዳንን ፍሬን አየ፤ መብራቱንና ፍሬቻውን አየ፤ ከዚያ ሣጥኑን ከፍቶ ፋሻውን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ የአዮዲኑን ጊዜ አነበበ።

«እንዲህ የተሟላ አይቼ አላውቅም» አለ። «ታፈሰ ማን ነው?»

«አባቴ ናቸው» አለ ረመዳን በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።

ሰው ፊት ልጄ አይደለህም ብሎ መካድ ከባድ ነው። ደረጀ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ።

ረመዳን ሣጥኑን ሊመልስልኝ ሲል ሁለተኛው መኪና ውስጥ ያለው ሰው በመስኮት ተቀበለው። ከእሱ ሦስተኛው ወሰደው። ደረጀ ለእያንዳንዱ መኪና ሣጥኑን እንደ አዲስ ከፍቶ ፋሻውን እንደ አዲስ ቆጠረ። በየመኪናው «ታፈሰ ማን ነው?» ይላል፤ በየመኪናውም «አባቴ» ይባላል። እኔም በየተራው አንገቴን እየሰበርኩ ሰላምታ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን አጽናናኝ፤ ሣጥኑ ሰልፉን ተከትሎ በቅደም ተከተል ወደ እኔ እየመጣ ነበር።

ከዚያ አሚና ደረሰች። አሚና የሐረር ስፌት እያሠራች በጁገል ግንብ ውስጥ ላሉ ሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት፤ የትንሿ መኪናዋ የኋላ ወንበር በሙዳይ ተሞልቶ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት አንተዋወቅም። እሷም ሳታፍር «አባቴ ናቸው» አለች።

ደረጀ ቀና ብሎ አየኝ። «አባባ፣ ስንት ልጅ ነው ያለዎት?»

እኔና ይርገዱ ልጅ አልወለድንም። «እግዚአብሔር የሰጠኝን ያህል» አልኩት።

ኅሊናዬ ግን አላስቀመጠኝም። ደረጀን ለብቻው ጠራሁትና «ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ የምትቆጥረው ይኸንኑ አንድ ሣጥን እኮ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ አባባ» አለኝ በትሕትና። «እኔ መርምር የተባልኩት ዕቃው መኖሩን ነው። የማን እንደሆነ መርምር አልተባልኩም።»

በሥራ ዘመኔ እኔ ራሴ ለስንት ሰው የሰጠሁት መልስ ስለሆነ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ከእኔ በፊት የቀረው አንድ አይሱዙ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ሙክታር ይባላል፤ ለጅግጅጋ የተጫነ ጫት ይዞ ነው ለምርመራ የመጣው። ጫት እንደሚጠወልግና የጫት መኪና እንደማይዘገይ በእኛ አገር ሕፃን ያውቃል። ሌሎቹ ኔትወርክ የለም ተብለው ወረቀታቸውን ለመቀበል መስኮቱ ሥር ሲጠባበቁ፣ የሙክታር ወረቀት በእጅ ተጽፎ ቀድሞ ወጣለት። ሣጥኑን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ የደረሰኝ ጭስ ነበር።

«ዋርያ! ሣጥኑን! ሣጥኑን!» እያለ ረመዳን እስከ አስፋልቱ ሮጠ።

«ያ ረቢ!» አለች አሚና። «የጫት መኪና ሮጠው ሊይዙ ነው?»

ረመዳን የሙክታርን ስልክ ከሰው ጠይቆ አገኘና ደወለ። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም።

በዚህ መሀል ተራዬ ደረሰ። ደረጀ የዲኤክሷን ኮፈን ከፍቶ ጎንበስ አለና ወዲያው «አህ!» ብሎ እጁን መነጨቀ። ባትሪው እንዳይነቃነቅ እኔ ራሴ ቆርጬ ያሰርኩት ቆርቆሮ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆት ነበር። ደሙ በክርኑ ይወርድ ጀመር።

«ፈርስት ኤድ!» ብሎ ጮኸ። «ፈርስት ኤድ አምጡ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ሆናችኋል? ሁላችሁም አላችሁ እኮ! አሁን በእጄ አይደል የቆጠርኩት?»

ያለፉት ሁሉ፣ መኪናቸው ውስጥ የተሟላ ሣጥን እንዳለ በማኅተም የተረጋገጠላቸው ሁሉ፣ መሬት መሬት ያያሉ። አንዱ የተፈጨ ቡና ይደረግበት አለ። ሌላው ጉንጩን እያመለከተ «ጫቱ ራሱ ደም ያቆማል፣ ከዚህ ላውጣለት» አለ። ሁለቱንም ከለከልኩ። የተተኮሰ መሐረብ ሁልጊዜ ሁለት እይዛለሁ። አንዱን አጥፌ ቁስሉ ላይ አስቀመጥኩ፤ በሌላው ጠበቅ አድርጌ አሠርኩ፤ ክንዱን ከልቡ በላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። በሥልጠናው የተማርኩትን በሰው ላይ ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ደሙ ቀነሰ። ደረጀ ትንሽ ተነፈሰና ሥራውን ልቀጥል አለ። እረፍ ብለው አልሰማኝም። እጁ መውረድ ስለሌለበት እኔ ክርኑን ወደ ላይ ደግፌ ከኋላው እከተለዋለሁ፤ እሱ በደኅናው እጁ የእኔን መኪና ይመረምራል። ጎማ ሊያይ ሲያጎነብስ አብሬ አጎነብሳለሁ፤ ሲነሣ አብሬ እነሣለሁ። ከሩቅ ያየን ሰው ጭፈራ ላይ ያለን ሳይመስለው አልቀረም።

ፍሬን ደኅና። መብራት ደኅና። እሳት ማጥፊያ አለ።

«የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን?»

«ደረጀ፣ ልጄ…»

«የለም» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «አባባ፣ አዝናለሁ። ያላየሁትን አየሁ አልልም። ወድቀዋል።»

ግቢው በጩኸት ተናጋ። «ሰውየው እጅህን ይዘውልህ?» «በመሐረባቸው ታሥረህ?» «አላህን አትፈራም?» ይሉት ጀመር። ረመዳን የይርገዱን ዓይን፣ የነገውን ቀጠሮ፣ ኬላውን አንድም ሳያስቀር ነገረው። ደረጀ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። እኔም ክርኑን እንደያዝኩ፣ በመርሕ ደረጃ ትክክል መሆኑን ለሕዝቡ ማስረዳት ጀመርኩ። ረመዳን ጎትቶ ወሰደኝ።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቅዎታለሁ» አለኝ ደረጀ ከኋላ።

በረመዳን ፔጆ ፈረስ መጋላ ወረድንና ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። የተሟላ የመኪና ሣጥን እንዳላቸው ጠየቅሁ። ሻጯ ወጣት ልጅ ናት፤ ፈገግ አለች።

«አናመጣም ጋሼ፣ የሚገዛን የለም። ለምርመራ ከሆነ ግን ምን አደከመዎት? አቦከር አንድ ሽማግሌ አሉ ይባላል፤ ለሰው አይከለክሉም። ከእሳቸው ይዋሱ።»

ረመዳን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ፋሻና ጥጥ፣ ፕላስተርና አዮዲን ገዛሁ። ጎዝ አልቆባቸው ነበር። ጓንትና የቃጠሎ ቅባትም የሉም።

ወደ ግቢው ስንመለስ ያልጠበቅሁት ነገር ቆየኝ። ወረቀታቸውን ተቀብለው ወደየቤታቸው የሄዱ የመሰሉኝ ሾፌሮች በየአቅጣጫው ተበትነው እየተመለሱ ነበር። አንዱ ከሌላ መድኃኒት ቤት ጎዝ አምጥቷል። አንዱ ነርስ ከሆነች እህቱ ጓንት ለምኗል። አንዱ ያመጣው መቀስ ከፀጉር ቤት የተወሰደ ስለሆነ ገና ፀጉር ነበረበት፤ በአዮዲን ወለወልኩት። የቃጠሎውን ቅባት ያመጣው ሰው ያንኑ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ነበር።

«መያዣውስ?» አለ ረመዳን። «በፌስታል ነው የምናቀርበው?»

አሚና መኪናዋን ከፍታ አንድ ትልቅ ባለክዳን ሙዳይ አወጣች። ቀዩና አረንጓዴው ስፌት እሳት ይመስላል፤ ለሙሽራ የታዘዘ ነው። የሁሉንም ዕቃ በውስጡ ደረደርኩ።

ደረጀ ከብቦን የቆመውን ሰው አየ፤ ሙዳዩን አየ። «ደንቡ ሣጥን ነው የሚለው» አለ በቀስታ።

«ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ ዕቃ ይይዛል» አለችው አሚና። «ሣጥን ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው? ያቺ የታሠረች እጅህ ከሙዳይ የወጣ ፋሻ አልፈልግም ብላ ትመልሳለች?»

ደረጀ ክዳኑን አነሣና ፋሻውን አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር። መሐረቤ በደም ርሶ ስለነበር ቁስሉን በአግባቡ ልሠራለት አንዱን ፋሻ ሳነሣ ደንግጦ እጄን ያዘኝ።

«አባባ፣ እንዳይነኩት! ከተነካ ይጎድላል፤ ከጎደለ ይወድቃሉ!»

ስለዚህ እየደማ ቆጠረ። ቆጥሮ ጨረሰ። በግራ እጁ ፈረመ። ማኅተሙን መታ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወንበር ላይ ተቀመጠና የቆሰለ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «አሁን» አለ።

አጠብኩት፤ አዮዲን አደረግሁለት፤ በአዲስ ፋሻ ጠቀለልኩት፤ እንዲሰፋለትም በረመዳን መኪና ወደ ሐኪም ላክሁት።

ማምሻውን ቤቴ ተንኳኳ። ሙክታር ነበር፣ ባዶውን አረንጓዴ ሣጥን ታቅፎ። ልቆጣው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ። ሁሉንም ጨረስኩት።»

ከባቢሌ አለፍ ብሎ ግመል የገለበጠው ባጃጅ አግኝቶ ነበር። አንዲት ሴት ግንባሯ ተፈንክቷል፤ አንድ ሽማግሌ እግራቸው ተልጧል። ሌላ መኪና በአካባቢው አልነበረም። ሙክታር ሣጥኑ እግሩ ሥር መኖሩን ያየው ያኔ ነው። የቻለውን ጠቀለለ፣ ሁለቱንም ጭኖ ጤና ጣቢያ አደረሰ፤ በዚህ መሀል ጫቱ ገበያ አለፈበት።

«እኔኮ እስከ ዛሬ ለሰው ቆሜ አላውቅም» አለ ወለሉን እያየ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ያ ባለሦስት ማዕዘን ጨርቅ ለምንድን ነው? ሻሽ መስሎኝ ለሴትየዋ አሰርኩላት» ብሎ ጠየቀኝ።

ይርገዱ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እኔም ተቀምጬ አሳየሁት፤ ክንዴን አንጠልጥዬ። ከዚያ ራት ቀረበለት።

በማግሥቱ ኬላው ቦሎውን አይቶ አሳለፈን። ይርገዱ ታከመች፤ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላ፣ ዓይኗ ታሽጎ ተመለሰች። ለአሚና ሙዳይዋን ስመልስላት ሽታው አዮዲን አዮዲን ይል ነበር። ሙሽሪት ምን እንዳለች አልጠየቅሁም።

በውሰት ሣጥን የማለፍን ልማድ ዛሬም አልደግፍም። ለረመዳን በግልጽ ነግሬው የራሱን ገዝቷል። ሆኖም ያንን ቀን ሳስብ መናደድ ሲገባኝ አልናደድም። ሣጥኔ እኔ ዘንድ ተቆልፎ ከተቀመጠበት ዘመን ሁሉ ይልቅ ከእጄ ጠፍቶ በዋለበት ቀን የበለጠ ሠርቷል፤ ይህን ለማመን የንብረት ኃላፊ ለነበረ ሰው ቀላል አይደለም።

የዓይኗ እሽግ የተፈታ ቀን ምን እንደምትለኝ በጉጉት ጠብቄ ነበር። ፊት ለፊቷ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ይርገዱ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

«ታፈሰ» አለችኝ። «የሸሚዝህ አንገት እንዲህ ተበልቶ ነው እንዴ ሰው ፊት ስትቆም የከረምከው?»

በሐረር ካሉት ጡረተኞች ሁሉ እንደ እኔ በሥርዓት የሚለብስ የለም ብዬ አምን ነበር። በማግሥቱ አብረን ሱቅ ወጣን። ሸሚዙን ወደ ብርሃን እያነሣች፣ ክሩን ሳይቀር እያየች፣ ቀለሙን እሷ መረጠችልኝ።